ቮልሱን ወደ ሻሸመኔ ስንጎትት

አዳማ የጎታችና የተጎታች ከተማ ናት። ከጂቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና ተሳቢውን አስከትሎ በመተሐራ በኩል ይገባባታል፤ ከሐረርና ከድሬዳዋ የሚነሳው አውቶቡስ ያልፍባታል፤ ከአሰላ ደጋ የሚወርደው የስንዴ ጭነትም እዚሁ መጥቶ ያርፋል። ስለዚህ በከተማችን ዳር ዳር ያለው ሥራ ሁሉ ከመኪና ጋር የተያያዘ ነው፦ ጎማ ቤት፣ ብየዳ ቤት፣ መለዋወጫ ሱቅ፣ ለሾፌር ሻይና ፍርፍር የምታቀርብ እናት። ስሟ በይፋ አዳማ ከሆነ ከሃያ ዓመት በላይ ቢያልፍም በእኔ ዕድሜ ያለን ሰዎች ናዝሬት ማለቱን አልተውንም። ወጣቶቹ ይስቁብናል፣ ይሳቁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ብዙውን የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በዚሁ መንገድ ዳር ባሉ ከተሞች ነው። ድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሆኜ ባደርኩባቸው ሌሊቶች የመጣብኝን የመኪና አደጋ ሁሉ አልቆጥረውም፤ አንድ ዓይነት ጉዳት ግን ከሌሎቹ ለይቼ አስታውሳለሁ። መኪና ሳይገጨው፣ ሳይገለበጥበት፣ ቆሞ ሲያይ የተጎዳ ሰው። ጭቃ የያዘው መኪና በካቦ ሲጎተት ካቦው ይበጠስና እንደ ጅራፍ ተመልሶ አጠገቡ የቆመውን ይመታል። አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ የእግሩ አጥንት ከጉልበቱ በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ አምጥተውልኝ ነበር። አባቱ ደጋግሞ «እኮ ዳር ቆሞ ነበር» ይል ነበር። ከዚያ ወዲህ መኪና ሲጎተት ሳይ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መኪናው ሳይሆን በዙሪያው ወደቆሙት ልጆች ነው።

ይህን ያነሳሁት ባለፈው ዓመት ከጥምቀት በኋላ ቮልሳችንን ከአዳማ ሻሸመኔ ማድረስ ስለነበረብን ነው። ቮልስ በእኛ አገር ምን እንደሆነ ለናንተ ለአያቶች መንገር አያስፈልግም። ንጉሠ ነገሥቱ እንኳ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስ ነው። ፋብሪካው የመጨረሻዋን አሮጌ ሞዴል ሜክሲኮ ውስጥ የሠራው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ገና ብዙ ይነዳል። የእኛው ከባለቤቴ ጋር ከኔ ጋብቻ የሚበልጥ ዕድሜ አለው። ሞተሩ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖት ግቢያችን ውስጥ ዶሮ ያድርበት ነበር። ለቁርጥራጭ ብረት ሊገዙት የመጡም ነበሩ። ባለቤቴ እነሱን ከበር ሲመልስ ያየሁት ቁጣ በሌላ ነገር ላይ አይቼው አላውቅም።

ስኳሩ ዓይኑን ስለጎዳው መንጃ ፈቃዱን ካስቀመጠ ቆይቷል። ሻሸመኔ ያለው የበኩር ልጃችን አነስተኛ ጋራዥ ስላለው «አምጡልኝ፣ ቀስ ብዬ አስነሳዋለሁ፤ የልጅ ልጅ ይነዳዋል» አለ። እንግዲህ ጥያቄው እንዴት ይሂድ የሚል ሆነ። አማቻችን የሚሠራበት ሚኒባስ አለው፤ እኛም ከአራት የልጅ ልጆች ጋር በዚያው ለመሄድ አስበናል። ፍራሽ፣ ድስት፣ የውሃ ጀሪካን ጭነን ሁለት ቀን የምንኖርበት ቤት ልናደርገው ነው። ቮልሱ ከኋላ ይከተላል።

ባለቤቴ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው፦ «ገመድ»። ድሮ ሁሉም የሚጎተተው በገመድ ነው፤ እሱ ቮልሱ ውስጥ ተቀምጦ መሪውን ይይዛል። «መጎተት መንዳት አይደለም» አለኝ። ዓይኑ ሰሌዳ የማያነብ ሰው ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአራት ሜትር ርቀት የሚኒባስ ጀርባ እያየ ሊሄድ! ስኳሩ ቢወርድበትስ? ያን ቀን ብዙ አልተናገርኩም። በማግስቱ ወደ መለዋወጫ ሱቆቹ ሄድኩ።

ገመዱ ሁሉ አንድ አይደለም። የብረት ካቦና ሰንሰለት አይለጠጡም፤ ሚኒባሱ ሲነሳ ድንጋጤው በሙሉ በሁለቱ መኪኖች ማሰሪያ ላይ ያርፋል። ናይለን ይለጠጣል፣ ድንጋጤውን ይውጣል፣ ከተበጠሰ ግን በተለጠጠው ልክ ይወረወራል። ሰፊ ቀበቶ የመሰለው፣ ጫፍና ጫፉ ላይ መንጠቆ ያለውና «5 ቶን» የተጻፈበትም አለ። ባለሱቁን «ይህ ቁጥር የሚሠራበት ነው ወይስ የሚበጠስበት?» አልኩት። «ሲስተር፣ እስከዛሬ የጠየቀኝ የለም» ብሎ ሳቀ። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የሚበጠስበት ከሆነ ከዚያ በብዙ ያነሰ ብቻ ነው ሊሸከም የሚገባው፤ የሚጎተተውን መኪና ክብደት ቢያንስ ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚችል መሆን አለበት።

የገመድ ዋናው ችግር ግን መበጠሱ እንኳ አይደለም። ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም። የፊተኛው ፍሬን ሲይዝ የኋለኛው ካልያዘ ሄዶ ይለጠፍበታል። በዘመናዊ መኪና ደግሞ ይብሳል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲጎተት የፍሬኑም የመሪውም እገዛ አብሮ ይጠፋል፣ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል። ቮልሱ በዚህ በኩል ደግ ነው። ፍሬኑም መሪውም ከድሮውም የሞተር እገዛ ስለሌላቸው ሞተሩ ኖረ አልኖረ ያው ናቸው። ካምቢዮውም በእጅ የሚቀየር ነው።

እናንተ ቤት ያለው አውቶማቲክ ቪትዝ ከሆነ የኔን ታሪክ እንደ ምክር አትውሰዱት። ሞተሩ ሲጠፋ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አይዘዋወርም፤ የሚነዱት ጎማዎች መሬት ነክተው ረጅም መንገድ ከተጎተተ ካምቢዮው ይቃጠላል። እሱ ወይ የፊት ጎማው ተነስቶ ወይ ሙሉውን ተጭኖ ነው መሄድ ያለበት። አራቱም ጎማ የሚነዳ ከሆነ ደግሞ መጫን ብቻ ነው።

ለቮልሱም ቢሆን መጫኑ ከሁሉ የተሻለ እንደሆነ አልክድም። አንድ አይሱዙ ዋጋ ጠይቀን ነበር፤ የሁለታችንን ጡረታ ደምረን ብዙ ወር የሚያስጾም ሆነብን። አጫጫኑም መኪናውን ወደ አፈር ቁልል አስጠግቶ በሁለት ሳንቃ ላይ መግፋት ነው፤ ማራገፊያው ቦታ ሌላ ቁልል መፈለግ አለ። ገንዘቡና ጥሩ መወጣጫው ያለው ሰው ግን ከዚህ በታች የምጽፈውን ትቶ ያስጭን።

መፍትሔው ካላሰብኩት ቦታ መጣ። አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ ጡረታ ከወጣ በኋላ አልጋና ማዕድ ቤት ያለው ትልቅ መኪና ገዝቶ ከሚስቱ ጋር ከአገር አገር ይዞራል። ትንሿን መኪናቸውን ከኋላ አስሮ ነው የሚሄደው፤ ሲደርሱ ይፈቷትና ገበያ ይወጡባታል። ስደውልለት እንደ ልጅ ደስ አለው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መጎተቻ አወራኝ። ገመድ የሚባል ነገር እዚያ ለዚህ ሥራ አያስቡትም። የብረት ዘንግ ነው፤ ቅርጹ እንደኛ «ለ» ፊደል። ሁለቱ እግሮች የተጎታቹን ፊት ይይዛሉ፣ ጫፉ የጎታቹን ጀርባ። መሪው ካልተቆለፈ የፊት ጎማዎቹ ራሳቸው ዞረው ይከተላሉ፣ ውስጡ ሰው አያስፈልግም። ከዘንጉ ሥር ሁለት ሰንሰለት በመስቀለኛ ይታሰራል። ዘንጉ ቢላቀቅ አስፋልቱን ከመውጋት ይልቅ ሰንሰለቶቹ ላይ ያርፋል። የፍሬቻና የፍሬን መብራት ሽቦም ወደ ኋላ ይዘረጋል።

«ፍሬኑስ?» አልኩት።

«እሱ ነው ዋናው» አለኝ። የእሱ መኪና ውስጥ ሹፌር በሌለበት ፔዳሉን የሚረግጥ መሣሪያ አለ። እዚያ በብዙ ግዛቶች ተጎታቹ ከተወሰነ ክብደት ካለፈ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። አውሮፓም ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተጎታች ያለ ፍሬን አይሄድም። ቮልስ ባዶውን 800 ኪሎ አካባቢ ነው። እንግዲህ ፔዳል የሚረግጥ መሣሪያ አዳማ ላይ ከየት ይመጣል? ሰው መቀመጥ ነበረበት። ማን የሚለው ነው ቤታችንን ለሳምንት ያስኮረፈው።

ዘንጉን የሠራልን አንድ ወጣት በያጅ ነው። መጀመሪያ ከፓራውልቱ ጋር ሊያያይዘው ፈልጎ ነበር። የቮልስ ፓራውልት ጌጥ ነው፣ ሲስቡት ይመጣል። ልጄ የሻሸመኔው በስልክ ምስል እያየ መራው፤ ቮልስ ከፊት በኩል ከግራ ወደ ቀኝ የተጋደሙ ሁለት ወፍራም የብረት ቱቦዎች አሉት፣ የፊት እግሮቹ የተሸከሙት በእነሱ ነው። ዘንጉ የሚያቅፈው ከእነሱ የታችኛውን ነው። በሚኒባሱ በኩል ደግሞ ከሻሲው ጋር በአራት ቡሎን የታሰረ መጎተቻ አበጀ። ብየዳውን አንዴ አፍርሶ እንደገና እንዲበይደው አድርጌዋለሁ፤ ስፌት አውቃለሁና ያልያዘ ስፌት ብረት ላይም ሲሆን ይታየኛል። በእያንዳንዱ ፒን ጫፍ ኮፒሊያ እንዲገባ አደረግን። ኤሌክትሪሺያኑ ሁለት መብራት ሳንቃ ላይ ገጥሞ ከቮልሱ ኋላ አሰረልን፣ ሽቦውን ከሚኒባሱ አመጣ። መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉ ስለሚከፈት ኮይሉ እንዳይቃጠል ደግሞ ሽቦውን ነቀለው። እንዲህ ዓይነቱን ነገር የሚያስብ ባለሙያ ሲገጥመኝ እመርቃለሁ።

ከዚያ ለባለቤቴ ነገርኩት። ቮልሱ ውስጥ የሚቀመጠው ትንሹ ልጃችን ነው፤ ዕድሜው ሃያ ስምንት፣ ዓይኑ ደህና፣ እግሩ ፈጣን። አንተ ከአማችህ ጎን ትቀመጣለህ። የልጅ ልጆች አንዳቸውም ቮልሱ ውስጥ አይገቡም፣ ቢያለቅሱም። ልጆቹ እኔን «አኮ» ነው የሚሉኝ፤ አያት ማለት ነው። «አኮ፣ አንድ ጊዜ ብቻ!» ልመናው እስከ ሞጆ አልበረደም። ባለቤቴ ግን አልለመነም። «እሺ ሲስተር» አለ። በቤታችን ሲስተር የሚለኝ ሲከፋው ብቻ ነው።

በአሰላ በኩልም መሄድ ይቻል ነበር። የዴራን፣ የኢተያን፣ የአሰላን ዳገት ወጥቶ የሯጮቹን አገር በቆጂን አልፎ በዶዶላና በኮፈሌ ሻሸመኔ ይገባል። መልክአ ምድሩ ያምራል፣ ግን ሚኒባስ ቮልስ አስሮ የሚወጣው ዳገት አይደለም፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ያስፈራል። ከሞጆ እስከ ባቱ ያለው ፈጣን መንገድም ለእኛ አልሆነም። ሌላው በመቶ በሚበርበት በአርባ መንፏቀቅ ራስን ለአደጋ መጋበዝ ነው። የድሮውን መንገድ ያዝን።

የድሮው መንገድ ከተሞቹን በደጃቸው ያሳልፋል፤ በቀስታ ሲሄዱ ደግሞ ይታያሉ። ሞጆ ከቆዳ ፋብሪካዎቹ ሽታ ጋር ትቀበላለች፤ ደረቅ ወደቡ ያለው እዚያ ነው፣ የኮንቴይነር ጫኝ ሰልፍ አይጎድልም። ወደ ደቡብ ታጥፈን ቆቃ ስንደርስ አዋሽን ተሻገርን። የቆቃ ግድብ ጣልያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ነው። ይህን ለትልቋ የልጅ ልጄ ስነግራት «ካሣ ምንድን ነው?» አለችኝ፤ እስከ ዓለም ጤና ድረስ ሳስረዳ ሄድኩ።

ከአዳማ ከወጣን በኋላ አምስት ኪሎ ሜትር ላይ ቆመን ቡሎኖቹን ሁሉ አጥብቀን ነበር፤ አዲስ የታሰረ ብረት መጀመሪያ ላይ ይላላል። ከዚያ በየከተማው ስንቆም እኔ አራቱንም የቮልስ ጎማዎች መሐሉ ላይ በእጄ ጀርባ እነካለሁ። የልጅ ትኩሳት እንደማይበት ማለት ነው። መቂ ላይ የግራው የኋላ ጎማ ትኩሳት ነበረው። ሌሎቹ ለብ ያሉ፣ እሱ እጅ የማያስነካ። ፍሬኑ ጠበቅ ብሎ ይዞ ነበር። ልጄ መኪናውን በክሪክ አንስቶ በቀዳዳው ጠመንጃ መፍቻ አስገብቶ ላላ አደረገው። እስኪጨርስ ድረስ ባለቤቴ ከሽንኩርት ነጋዴዎቹ ጋር ገበያ አወጣ፤ በመቂ የቲማቲምና የሽንኩርት ክምር መሐል ሰው ሳይገዛ አያልፍም። የአህያ ጋሪዎቹ ግን ሾፌር የሚፈትኑ ናቸው፤ የሚታጠፉት ሲያሰኛቸው ነው።

ባቱ አደርን። የድሮዋ ዝዋይ ናት። የተጠበሰ አሣ በላን፣ አባ ኮዳዎቹ በረጅም እግራቸው ዙሪያችን ቆመው የአሣ ራስ ጠበቁ። ልጆቹ ውሃው ዳር ሊገቡ ሲሮጡ ግን መለስኳቸው። በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ቢልሃርዝያ እንዳለ በጥናት የታወቀ ነው፤ በቀንድ አውጣ አማካይነት ውሃው ውስጥ ይራባል፣ በቆዳ ይገባል። ደሴቶቹን ማየት ከፈለጋችሁ በጀልባ ነው፤ ቱሉ ጉዶ ላይ ያለው የደብረ ጽዮን ገዳም በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን የተሸሸገበት እንደሆነ ይተረካል። ሌሊቱን በአጎበር አደርን፤ ይህ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ነው፣ ወባ አለ። ያን ማታ የባለቤቴን ስኳር ለካሁ፣ ደህና ነበር። አሁንም ግን ስለ ቮልሱ ቃል አልወጣውም።

እዚያው የማደሪያው ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ተማርን፦ እንዲህ የታሰረ መኪና ወደ ኋላ አይሄድም። ሚኒባሱ ሪቨርስ ሲያደርግ የቮልሱ ጎማዎች ወደ አሻቸው ተጣምመው ዘንጉን ሊያጥፉት ይደርሳሉ። ጠዋት ለመውጣት ዘንጉን ፈትተን፣ ሚኒባሱን አዙረን፣ ቮልሱን ጥበቃው፣ አስተናጋጁና ልጆቹ ገፍተው አመጡት። ስለዚህ እንዲህ ስትሄዱ ፊት ለፊት የሚወጡበት ቦታ ካልሆነ አትግቡ።

በማግስቱ አዳሚ ቱሉንና ቡልቡላን አልፈን ወደ ላንጋኖ መዳረሻ ስንቃረብ ነው የከብት መንጋ ከግራር ሥር ድንገት አስፋልቱን የሞላው። አማቼ ፍሬን ረገጠ። ከኋላ የጎማ ጩኸት ሰማሁ፤ ልጄም ረግጧል። ዘንጉ አንዴ ጓ አለና ሁሉም ቆመ። በሁለቱ መኪኖች መሐል የነበረው ርቀት እንደነበረ ነበር። ድስቱ ብቻ ነው የተገለበጠው። እረኛው ልጅ በእርጋታ ከብቶቹን አሻገረና በእጁ ሰላምታ ሰጠን።

ባለቤቴ በጎን መስታወቱ ወደ ኋላ እያየ ቆየ። ከአዳማ ጀምሮ ዓይኑን ከዚያ መስታወት አንስቶ አያውቅም፤ ምን ያህሉ እንደሚታየው እሱ ያውቃል። «ልጁ በጊዜ ረገጠ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ያ ቡና ፔርሙሱ ውስጥ አለ?» አለኝ። ቀዳሁለት።

ላንጋኖ ላይ ልጆቹን ቡናማው ውሃ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ላንጋኖ ከቢልሃርዝያ ነፃ ነው ይባላል። ማዶ ያሉትን አብያታንና ሻላን ለሌላ ጊዜ ተውናቸው። ከዚያ ወደ አርሲ ነገሌ ያለውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣን፤ ከኋላችን የተሰለፈው መኪና ብዛት ስላሳፈረን ሁለት ጊዜ ዳር ይዘን አሳለፍነው። አረቄዋን ለሚወዱ ነገሌ የታወቀች ናት። እኛ አልቆምንም።

ሻሸመኔ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ገባን። የአራት አቅጣጫ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ስለሆነች ትርምሱ ያስጨንቃል፤ የጋራዡ በር ፊት ለፊት የሚገቡበት መሆኑን ግን አስቀድሜ ጠይቄ ነበር። የበኩር ልጄ ቮልሱን ከማየቱ በፊት ዘንጉ ሥር ተኝቶ ብየዳውን አየ። «ማን ሠራው?» አለ። «እማማ ናት ያስበየደችው» አለ ባለቤቴ።

ዘንጉ አሁን እዚያው ጋራዥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የሚዋሰው ሰው እንደማይጠፋ ሰምቻለሁ። ሰንሰለቶቹን አብሮ ካልወሰደ እንዳይሰጥ ነግሬዋለሁ። የቮልሱ ሞተር ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፒስተን ይጠበቃል። ባለቤቴ በየእሑዱ ይደውላል። «ፒስተኑ መጣ?» ይላል። እስካሁን አልመጣም።